በድሮ የግሪክ ፎቶዎች ላይ ወንድ ልጆች ሁሉ የመርከበኛ ልብስ የሚለብሱት ለምንድን ነው?

የኪፕሴሊዋ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ የሞኝ ከመሰላችሁ ዝም ብላችሁ እለፉት።

አቴንስ ነው ያለሁት፣ ኪፕሴሊ ሰፈር። ሰማንያ ስምንት ዓመት የሞላቸው ባልቴት እየተንከባከብኩ ነው የምሠራው። ያያ ነው የምላቸው፣ በግሪክኛ አያት ማለት ነው። ሳሎናቸው ግድግዳው በሙሉ ፎቶ ነው። አቧራውን የምጠርገው እኔ ስለሆንኩ እያንዳንዱን ፎቶ ከነጭረቱ አውቀዋለሁ። አባታቸው በልጅነታቸው፣ ሁለት አጎቶች፣ ታላቅ ወንድማቸው፣ የጎረቤት ልጅ ሳይቀር፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ልብስ ነው የለበሱት። ያ ጀርባ ላይ አራት ማዕዘን ሆኖ የሚወርደው ኮሌታ፣ ዳር ዳሩን ነጭ መስመር፣ ደረት ላይ የታሰረ ጥቁር ሻርፕ። የመርከበኛ ልብስ።

መጀመሪያ ቤተሰቡ የባሕር ሰው መስሎኝ ነበር። ስጠይቃቸው ያያ ሳቁብኝ። አባታቸው መድኃኒት ቤት ነበራቸው፣ መርከብ ላይ ሲወጡ ደግሞ ገና ወደቡን ሳይለቁ ያስመልሳቸው ነበር አሉ።

ይኼ ሳያንስ የልጅ ልጃቸው ልጁን ክርስትና ሊያስነሳ ነው። ትናንት ማታ ሁሉም ስልክ ላይ ተደፍተው ልብስ ሲመርጡ ነበር። ምን መረጡ? «ናፍታኪ»፣ ማለትም ትንሹ መርከበኛ። ያው ልብስ! ከመቶ ዓመት በኋላ! ለምን እንደሆነ ብጠይቅ «ሁሌም እንደዛ ነው» ብለው ዘጉት። ግሪክ የባሕር አገር ስለሆነች ብቻ ነው ወይስ ሌላ ታሪክ አለው?


አሮጌ ፎቶ ሰብሳቢ፦

የሞኝ ጥያቄ አይደለም እህቴ። አጭሩ መልስ፣ ልብሱ የመጣው ከባሕሩ ሳይሆን ከቤተ መንግሥት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው እንግሊዝ አገር ነው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ1846 በሴፕቴምበር ወር ንግሥት ቪክቶሪያ ከነቤተሰቧ በመርከብ ሽርሽር ወጥታ ነበር። የበኩር ወንድ ልጇ አልበርት ኤድዋርድ አምስት ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ቀርቶታል። መርከቡ ላይ ለመርከበኞች የሚሰፋው ሰውዬ ያንኑ ልብስ በልጁ ልክ አሳንሶ ሰፋለት፤ ነጭ ሸሚዝ ከሰማያዊ ኮሌታ ጋር፣ ከታች ሰፋ ያለ ነጭ ሱሪ፣ ጥቁር የአንገት ሻርፕ፣ ባርኔጣ። ልጁ ብቅ ሲል መርከበኞቹ በእልልታ ነው የተቀበሉት። ቪንተርሃልተር የሚባለው የነገሥታት ሠዓሊም በዚሁ ልብስ ሣለው። ልብሱ ራሱ ዛሬም ግሪንዊች በሚገኘው የባሕር ሙዚየም አለ።

አንድ የምወዳት ነገር ልጨምር። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ለተራ መርከበኞቹ ወጥ የሆነ የደንብ ልብስ በሕግ ያወጣው በ1857 ነው። ሕፃኑ አልጋ ወራሽ በ11 ዓመት ቀደማቸው ማለት ነው።

ግሪክ ጋ እንዴት ደረሰ? በጋብቻ ነው፣ ሌላ ምን አለ። ግሪኮች ኦቶ የሚባለውን ከባቫሪያ የመጣ ንጉሣቸውን በ1862 አባርረው ሌላ ንጉሥ እየፈለጉ ነበር። በማርች 1863 ያ ባለ መርከበኛ ልብሱ ልጅ፣ አሁን ጎልምሶ፣ የዴንማርክን ልዕልት አሌክሳንድራን አገባ። በዚያው ወር ደግሞ ግሪኮች የአሌክሳንድራን ታናሽ ወንድም ንጉሥ አድርገው መረጡት። ገና 17 ዓመቱ ነው፣ የተማረውም የዴንማርክ ባሕር ኃይል ውስጥ ነው። ቀዳማዊ ጊዮርጊስ ተብሎ አቴንስ ገባ። በ1867 ያገባት ኦልጋ ደግሞ ሩሲያዊት ናት፣ አባቷ የሩሲያን ባሕር ኃይል በበላይነት የሚመራ ልዑል። ቆይቶ በ1889 የመጀመሪያ ልጃቸው ቆስጠንጢኖስ የጀርመኑን ቄሳር የዳግማዊ ቪልሄልምን እህት ሶፊያን አገባ። ቄሳሩ በመርከብ ፍቅር ያበደ ሰው ነበር። የጀርመን ሕፃናትም ያን ጊዜ «የኪል ልብስ» የሚሉትን ይለብሱ ነበር፣ በባሕር ኃይሉ ወደብ ስም የሚጠራ የመርከበኛ ልብስ ነው።

እንግሊዝ፣ ዴንማርክ፣ ሩሲያ፣ ጀርመን፣ ሁሉም አንድ ግቢ ውስጥ ገጠሙ። ሁሉም ደግሞ ለልጆቻቸው ያንኑ ኮሌታ ነበር የሚያለብሱት። የቤተ መንግሥቱ ልጆች ፎቶ ሲወጣ የአቴንስ ሐኪም፣ ጠበቃና ነጋዴ ምን ሊያደርግ ነው? የእሱም ልጅ ይለብሳል። የያያ አባት ቤተሰብም እንደዛው ነው።


መርፌና ክር፦

ከላይ ያለው ታሪክ ጥሩ ነው፣ ግን አልጨረሰውም። ነገሥታት ስንት ነገር ለልጆቻቸው አልብሰዋል! ቬልቬት ከነዳንቴሉ አልብሰው የለም እንዴ? ያ የት ደረሰ? ይኼኛው የቆየው ስፌቱ ስለሚያዋጣ ነው።

ልብስ ሰፊ ነኝ፣ አምስት ስድስት ጊዜ ሰፍቼዋለሁ። ሸሚዙ ከፊት አዝራር የለውም፣ በራስ ላይ የሚጠለቅ ነው፤ አንገቱ ሰፊ ስለሆነ ልጁ ራሱ ያጠልቀዋል። ወገቡ ልቅ ነው፣ ስለዚህ ልጁ አንድ ዓመት ቢያድግበት አይጠብበትም። ለክረምት ጠቆር ያለ ሰማያዊ ሱፍ፣ ለበጋ የሚቀቀል ነጭ ጥጥ። ሲያጥረው ለታናሹ ይወርዳል። በዚያ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ትንንሽ ወንዶች ልጆች እስከ አራት አምስት ዓመታቸው ቀሚስ ነበር የሚለብሱት፣ እንደ ሴቶቹ። ከቀሚስ ሲወጡ የሚጠብቃቸው የትልቅ ሰው ልብስ ቅጂ ነበር፣ የሚያንቅ። የመርከበኛው ልብስ ግን ሥራ የሚሠራ ሰው ልብስ ነው፤ ገመድ ላይ ለሚንጠለጠል ሰው የተቆረጠ ልብስ ዛፍ ላይ ለሚንጠለጠል ልጅ አይሆንም?

አስቸጋሪው ኮሌታው ላይ ያሉት ሦስት ነጭ ጥብጣቦች ናቸው። ቀጥ ያለውን ማንም ይሰፋዋል። ማዕዘኑ ላይ ስትደርሱ ግን ሦስቱም እኩል ርቀት ጠብቀው መታጠፍ አለባቸው፣ አንዱ በክር ስፋት ከሳተ ዓይን ውስጥ ይገባል። የአሮጌ ልብስ ጥራት ማየት ከፈለጋችሁ ማዕዘኑን እዩ። በነገራችን ላይ ሦስቱ መስመሮች የእንግሊዙ የባሕር ጀግና የአድሚራል ኔልሰን የሦስት ጦርነት ድሎች ናቸው የሚባለው ተረት ነው። ጥቁሩ ሻርፕም ለእሱ ሐዘን ነው ይላሉ፣ እሱም ተረት። ኮሌታው የመርከበኛው ጉንጉን ፀጉር ላይ ያለው ሬንጅ ልብሱን እንዳያበላሽ ነው የሚለውም አይሠራም። ሰፊው ኮሌታ ሲመጣ ጉንጉኑ ከቀረ ቆይቷል።

ግሪክ ውስጥ ደግሞ ሞዲስትራ የሚሏት ነበረች፣ ቤት ለቤት እየዞረች የምትሰፋ ሴት። መጥታ አንድ ሁለት ቀን ትቀመጥና የቤቱን ሁሉ ልብስ ጨርሳ ትሄዳለች። ያያን ጠይቂያቸው፣ መቼም ያስታውሷታል።


የኪፕሴሊዋ፦

እግዜር ይስጥልኝ! ዛሬ ጠዋት ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አውርጄ አየሁ። ያያም ወንበራቸውን አስጠግተው አብረውኝ አዩ። ሞዲስትራዋን በደንብ ያስታውሳሉ፣ መርፌ በከንፈሯ ይዛ ስለምታወራ እንዳትውጠው ሲሳቀቁ ነበር የሚውሉት።

አሁን ተጨማሪ ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ የአባታቸው ፎቶ ላይ ቆቡ ዙሪያ ሪባን አለ፣ ጽሑፍም አለበት። ፎቶው ስለደበዘዘ መጨረሻው ብቻ ነው የሚነበበው፣ «ሮፍ» ይላል። ሱሪያቸው ቁምጣ ነው፣ ከታች እስከ ጉልበት ጥቁር ካልሲ፣ አንገታቸው ላይ በገመድ የተንጠለጠለ ፊሽካ። ሁለተኛ፣ አንድ ከሁሉም ያረጀ ፎቶ አለ፣ የያያ አያት በልጅነታቸው። እሳቸው ብቻ መርከበኛ አይደሉም። ያ ቤተ መንግሥት በር ላይ የሚቆሙት ወታደሮች የሚለብሱትን የተሸበሸበ ነጭ ቀሚስ ነው የለበሱት። ለምን እሳቸው ተለዩ?


ፒሬዎስ ወደብ፦

«ሮፍ» ካለማ አቬሮፍ ነው! ይኼን ያህል ስለ ነገሥታት ጋብቻ ስታወሩ ዋናውን ነገር ረስታችሁታል።

አቬሮፍ ጦር መርከብ ነው፣ ሙሉ ስሙ ጊዮርጊዮስ አቬሮፍ። ጣሊያን፣ ሊቮርኖ ላይ ነው የተሠራው፣ በ1911 ግሪክ ገባ። ስሙ የአንድ እስክንድርያ ይኖር የነበረ ግሪካዊ ሀብታም ስም ነው፤ ከሞተ በኋላ በኑዛዜ የተወው ገንዘብ የመርከቡን ዋጋ ሲሶ ያህል ሸፈነ። በባልካን ጦርነት ጊዜ ይኼ አንድ መርከብ የኦቶማንን ባሕር ኃይል ሁለት ጊዜ መልሶ ዳርዳኔልስ የሚባለው ጠባብ የባሕር መተላለፊያ ውስጥ አስገባው፣ በዲሴምበር 1912 «ኤሊ» በሚባል ቦታ፣ በጃንዋሪ 1913 ሌምኖስ ደሴት አጠገብ። የሚመራው አድሚራል ኩንዱርዮቲስ ነበር፣ የኢድራ ደሴት ልጅ። ሌስቮስና ኪዮስን የመሳሰሉ ደሴቶች በዚያ ጦርነት ነው ወደ ግሪክ የገቡት። መርከቡ ዛሬም ፋሊሮ ላይ ቆሟል፣ ሙዚየም ነው። እኔ ሦስት ጊዜ ገብቻለሁ።

የያያ አባት መቼ ተወለዱ? 1905 አካባቢ ከሆነ ፎቶው የዚያ ሰሞን ነው። የሰባት ዓመት ልጅ አቬሮፍ የሚል ቆብ አጥልቆ ፎቶ ቤት ሲገባ የቪክቶሪያን ልጅ እያሰበ ይመስላችኋል? እኔ አይመስለኝም። ልብሱ በቤተ መንግሥት በር ይግባ፣ እሺ። የግሪክ ያደረገው ግን አቬሮፍ ነው።

ሌላ ነገር ደግሞ አለ፣ «ወንድ ልጆች ሁሉ» ለብሰውታል አትበሉ። ፎቶ ቤት የገባው ልጅ ነው የለበሰው። በ1922 ሰምርኔስ የምትባለው ከተማ ተቃጥላ፣ በዓመቱ የግሪክና የቱርክ የሕዝብ ልውውጥ ውል ተፈርሞ፣ ወደ 1.2 ሚሊዮን የሚሆን ስደተኛ ከትንሹ እስያ፣ ከዛሬዋ ቱርክ፣ ግሪክ ሲገባ ያ ሁሉ ልጅ በየድንኳኑና በየቆርቆሮ ቤቱ ነው ያደገው። እዚሁ ፒሬዎስ አጠገብ። ጫማ ያላገኘ ልጅ ሦስት መስመር ጥብጣብ ያለው ኮሌታ ከየት ያመጣል? ከነሱ መካከል ቀድሞ ሰምርኔስ ላይ የደላቸው የነበሩት የመርከበኛ ልብስ ለብሰው የተነሱትን ፎቶ ይዘው መጥተዋል። ፎቶው እንጂ ልብሱ አልቀረም።


አሮጌ ፎቶ ሰብሳቢ፦

አቬሮፍ ላይ ተሸንፌያለሁ፣ ሪባኑን ሳላይ ነው የተናገርኩት። ግን አንድ ነገር ላይ አልለቅም። ልብሱ ከግሪክ ባሕር ወጥቶ ቢሆን ኖሮ መልኩ ሌላ ይሆን ነበር። በ1821 ነፃነት ጦርነት ጊዜ ኦቶማኖችን በባሕር የተዋጉት የኢድራ፣ የስፔጼስና የፕሳራ ደሴቶች ሰዎች ናቸው። የለበሱትን ታውቃለህ? ቭራካ። ያ መሐሉ እንደ ከረጢት የሚንጠለጠል ሰፊ ሱሪ፣ ወገብ ላይ በመቀነት የሚጠመጠም። የግሪክ ጀግና መርከበኛ ማለት እሱ ነው። የአቴንስ እናት ግን ልጇን ያለበሰችው የእንግሊዝ መርከበኛ ነው። ባሕር እያላት የባሕር ልብስ ከውጭ አስመጣች። እኔን የሚገርመኝ ይኼ ነው።

አሁን ወደ አያትየው። ያ የተሸበሸበ ነጭ ቀሚስ ፉስታኔላ ይባላል። አገሪቱ ነፃ ከወጣች በኋላ ከተማው በልብስ ለሁለት ተከፍሎ ነበር፣ ፉስታኔላ የሚለብስና «ፍራንጊካ» የሚለብስ። ፍራንጊካ ማለት የፈረንጅ ልብስ፣ ኮትና ሱሪ። በ1840ዎቹ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ኮሌቲስ እስኪሞት ፉስታኔላውን አላወለቀም፣ ተቀናቃኙ ማቭሮኮርዳቶስ ደግሞ ኮት ለባሽ ነበር። በጣም የሚያስቀው ባቫሪያዊው ንጉሥ ኦቶ ፉስታኔላ መልበሱ ነው። ባዕድ መሆኑን በልብስ ሊሸፍን! ስለዚህ አያትየው ልጅ በነበሩበት ዘመን የክት ልብስ ለብሶ ፎቶ መነሳት ማለት ለብዙ ሰው ፉስታኔላ ነበር። ልጃቸው ሲደርስ መርከበኛ ሆነ። አባትና ልጅ፣ ሁለት ፎቶ፣ አጠገብ ለአጠገብ ስቀያቸው። ግድግዳሽ ላይ ያለው ሙሉ ታሪክ እሱ ነው።

ፉስታኔላው ጠፋ ማለቴ ግን አይደለም። ኮርፉ ላይ በ1921 የተወለደው ልዑል ፊሊፕ፣ በኋላ የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ ባል የሆነው፣ ቤተሰቡ ከግሪክ ተሰዶ ሳለ እንኳ በልጅነቱ በፉስታኔላ የተነሳው ፎቶ አለ። ዛሬም ማርች 25 እና ኦክቶበር 28 በየሰልፉ ትንንሾቹን ታያቸዋለሽ። ለአገር በዓል ፉስታኔላ፣ ለእሑድ ሽርሽር መርከበኛ፣ እንዲህ ተከፋፈሉት።

የወንድማቸው ፎቶስ መቼ የተነሳ ነው?


የኪፕሴሊዋ፦

ከጀርባው 1938 ይላል። ወንድማቸው አምስት ዓመታቸው ነበር። ያያ ገና ሕፃን ሆነው እናታቸው ጭን ላይ ተቀምጠዋል። የመጨረሻው የመርከበኛ ፎቶም እሱ ነው፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ልጆች ተራ ሸሚዝና ሹራብ ነው የለበሱት።


መርፌና ክር፦

ይገባል። ከዚያ በኋላ የመጣውን ቁጠሪው እስቲ። ከ1936 ጀምሮ አገሩን የያዘው ሜታክሳስ ለወጣቶች የራሱን ድርጅት አቁሞ የራሱን የደንብ ልብስ አለበሳቸው። በ1941 ጀርመኖች ገቡ፣ በዚያ ክረምት አቴንስ ላይ ሰው በረሃብ መንገድ ላይ ወደቀ። ከዚያ የእርስ በርስ ጦርነት እስከ 1949። ያን ጊዜ ሱፍ ያገኘ ሰው ለልጁ ኮት ነው የሚያሰፋው። ብዙ የመርከበኛ ልብስ ተፈትቶ ሌላ ነገር ሆኗል ብዬ ነው የማስበው፣ እኔ ብሆን የማደርገው እሱን ነው። ከጦርነቱ በኋላ የተዘጋጀ ልብስ ከሱቅ መግዛት ሲለመድ ሞዲስትራዋም ሥራ አጣች። ሦስት መስመር ማዕዘን ላይ የሚያጥፍ ሰው ከሌለ ደግሞ...


ፒሬዎስ ወደብ፦

ንጉሡም ሄደ። የመጨረሻው ንጉሥ ዳግማዊ ቆስጠንጢኖስ በ1960 ሮም ኦሎምፒክ በመርከብ ቀዘፋ ወርቅ ያገኘ ሰው ነበር። ይቅርታ፣ ቀዘፋ ሳይሆን በሸራ ጀልባ ውድድር። በ1974 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ዘውዱን አስቀረው። ንጉሡ ቢሄድም ኮሌታው ክርስትና ቤት ተደብቆ ቀረ 😄


የኖና ማስታወሻ፦

ስለ ክርስትናው እኔ ልመልስ፣ እዚሁ ግሪክ ሁለት ጊዜ ኖና ሆኛለሁ፣ ማለትም የክርስትና እናት። ሕፃኑ ራቁቱን ሆኖ ነው ሦስት ጊዜ ውኃ ውስጥ የሚጠልቀው። ከወጣ በኋላ ከእግር እስከ ራሱ አዲስ ልብስ ይለብሳል። የውስጡን ነጭ ልብስ ፎቲክያ ይሉታል። ሁሉንም የሚገዛው የክርስትና አባት ወይም እናት ነው፤ ልብሱን፣ መስቀሉን፣ ዘይቱን፣ ፎጣውን፣ ላምባዳ የሚሉትን ረጅም ሻማ። ከዚያ ሦስት እሑድ ሻማውን ይዞ ልጁን ማቁረብ አለ፣ ብዙዎቹ በዚያው በክርስትና ልብሱ ነው የሚወስዱት።

አሁን ሰው ሁሉ ለክርስትናው አንድ መልክ ይመርጣል። ወንድ ልጅ ከሆነ፣ በተለይ በበጋ ደሴት ላይ ከሆነ፣ ናፍታኪ ነው። ሻማው ላይ መልሕቅ ይታሰራል፣ ለእንግዶች ደረት ላይ የምትሰካው ማርቲሪኮ የምትባለዋ ትንሽ ሪባንም መልሕቅ ትሆናለች፣ የለውዝ ከረሜላው ከረጢት ሰማያዊና ነጭ። የባንዲራውም ቀለም ስለሆነ ዓይን ይለምደዋል። ለእኔ ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። ልብሱ ነጭ መሆን አለበት፣ አያቶች ደግሞ ሲያዩት ማልቀስ አለባቸው። የመርከበኛው ልብስ ሁለቱንም ያሟላል።

ምክር ከፈለግሽ፣ ጥጥ መሆኑን አረጋግጡ። እኔ የመጀመሪያውን ስገዛ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ሆኖብኝ፣ ኦገስት ወር፣ ሕፃኑ ዘይት ተቀብቶ፣ እንዴት እንደጮኸ አትጠይቂኝ።


የኪፕሴሊዋ፦

ጥጥ ነው፣ አየሁት። ማዕዘኑንም አየሁ፣ መርፌና ክር ሆይ፣ ሦስቱ መስመሮች እኩል አይደሉም 😅 ለማንም አልተናገርኩም።

ፎቶዎቹን አጠገብ ለአጠገብ ሰቀልኳቸው፤ አያትየው በፉስታኔላ፣ አባትየው በአቬሮፍ ቆብ፣ ወንድማቸው። በጎን በኩል ለአዲሱ ሕፃን የሚሆን ምስማር ከአሁኑ መታሁ። ያያ ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና ወንድማቸው ያን ሱፍ ምን ያህል ይጠላው እንደነበር ነገሩኝ። ያሳክከው ነበር፤ ፎቶ ቤቱ ድረስ ሲያለቅስ ሄዶ እናታቸው ኩሉሪ የሚሉትን ክብ ዳቦ ገዝተው ነው ዝም ያሰኙት። ፎቶውን ቀረብ ብዬ ሳየው እውነትም አንድ እጁ ከጀርባው ተደብቋል።

ቆቡን ግን አልገዙም። ዘይት የተቀባ ራስ ላይ አይቆምም ብለው ያያ ከለከሉ።